ሦስት ትልም ድንች

ሬይክያቪክ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1973

ውድ ወንድሜ ቫልገይር፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ተራራው በፈነዳበት ሌሊት መርከቡ ላይ ከሄሪንግ ዓሣ በርሜል ጎን ተቀምጬ ነው የተሻገርኩት፤ ሽታው እስካሁን ካፖርቴን አልለቀቀም። ሳልጽፍልህ የቆየሁት በቸልታ እንዳይመስልህ። አንተ ቤት ሊያድኑ ከቀሩት ጋር እዚያው መሆንህን አላውቅም ነበር፣ አንተም የት እንደገባሁ አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የራሳችን የሄይማይ ደሴት ሰዎች ነው።

እዚህ በአንድ ትምህርት ቤት የእርዳታ ጣቢያ ከፍተውልናል። የመጣውን ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ይመዘግቡታል። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ በኛ ደሴት ማን የማንን አባት ስም ያውቃል? ሰው የሚጠራው በቤቱ ነው። የሆልቷ ስቴይኑን፣ የብሬካው ኦግሙንዱር፣ በቃ አለቀ። ዕድሜ ልካቸውን አብረውኝ ዓሣ ያጠቡ ሴቶች «ስቴይኑን የብያርኒ ልጅ» ተብሎ ሲጠራ «እሷ ደግሞ የማን ናት?» ብለው አልፈውኛል። እኔም የራሴን የክርስትና ልጅ በአባቷ ስም ሲጠሯት ሰምቼ ሳላውቃት ቀርቻለሁ። እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ እየተፈላለገ ሰው ግራ ገብቶት ሰነበተ።

በመጨረሻ ወንበር ጎትቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲገባ «ከየትኛው ቤት ነህ?» እለዋለሁ፤ ሲነግረኝ ጎረቤቶቹ የት እንዳረፉ እነግረዋለሁ። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ «እማማ፣ መንገድ ዘጉብን» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። አሁን ቡና ያመጡልኛል።

ያረፍኩት ጉድላይግ የምትባል ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ባሏ ሞቷል፤ የምትኖረው ምድር ቤት ነው። አይታኝ የማታውቅ ሴት አልጋዋን ለቃልኝ ሶፋ ላይ ትተኛለች። «ለወገቤ ጥሩ ነው» ትለኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን ወገቧን ይዛ ነው የምትነሳው። ቤቷ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አሥራ አራት። ሰው እንዴት በቁጥር ይኖራል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሆልትን አደራ። አመዱ ሳይከብድ ከጣሪያው ላይ ቶሎ ቶሎ አውርደው። ድመቷን ፈልጋት። የዘር ድንቹ ጓዳ ውስጥ በሳጥን ነው፤ ብርድ እንዳያገኘው። ከሁሉም በላይ፣ ያ ኦግሙንዱር በዚህ ግርግር መሃል አጥሩን ወደኛ እንዳያስጠጋ ተጠንቀቅ። በኛና በሱ መካከል ያሉት ሦስቱ የድንች ትልሞች የሆልት ናቸው። አባታችን ባሕር ላይ ሳለ ነው የሱ አባት አጥሩን የተከለው። ተራራ ስለፈነዳ ይህ አይቀየርም።

እህትህ፣
የሆልቷ ስቴይኑን


ሄይማይ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1973

እትዬ ስቴይኑን፣

ከኋላው ከላክሻት አጭር ደብዳቤ ጋር ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሲደርስ ግማሹ አመድ ነበር፤ እዚህ ሁሉ ነገር ግማሹ አመድ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እየበላሁ ነው። የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ለቀሩት ሰዎች በየቀኑ የሥጋ ሾርባ ይቀቀላል፤ የደረቀ ዓሣና ቅቤም አልጠፋም። ጉንፋን ይዞህ ነበር ወይ ላልሽው፣ ሳሉ ከአመዱ ነው፣ ጉንፋን አይደለም። የሱፍ ካልሲ ልላክ ወይ ላልሽው፣ ተይው። መሬቱ ከታች ይሞቃል፤ እግር የሚበርደው ሰው የለም።

ሆልት ቆሟል። የማድረውም እዚያው ነው። ጣሪያውን በየቀኑ እጠርጋለሁ። አንድ ጎረቤት ያግዘኛል።

ድመቷ ተገኝታለች። ወፍራለች እንኳ። ሰው ሲሸሽ ጓዳውን ክፍት ጥሎ ስለሄደ ለሷ በዓል ሆኖላታል። የምታድረው ግን እኔ ዘንድ አይደለም፤ ሌላ ምድጃ ለምዳለች። በኋላ እነግርሻለሁ።

ስለ አጥሩ አትጨነቂ። አጥሩ አይታይም፤ አመዱ ውጦታል።

ወንድምሽ፣
የሆልቱ ቫልገይር


ሬይክያቪክ፣ ማርች 5 ቀን 1973

ውድ ወንድሜ፣

«አንድ ጎረቤት» ማን ነው? ከማዶ ያሉት ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው እዚህ ናቸው፣ መምህሩም እዚህ ነው፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። መንገዳችን ላይ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኦግሙንዱር ጣሪያዬ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። እኔ ቆሜ እያለሁ የሆልትን ደረጃ ረግጦ የማያውቅ ሰው! አጥሩ ጋ ስንገናኝ «ጥላሽን ከድንቼ ላይ አንሺ» ያለኝ ሰው ነው። የሚረግጠውን ቆርቆሮ ቁጠርበት። አይ፣ ተወው። ካገዘህ ያግዝህ። ግን ቡና አፍልተህ እንዳትጋብዘው።

ስለ ጉድላይግ ልንገርህ። ደግ ናት፤ ነገር ግን ድንች ስትልጥ ግማሹን ለልጣጩ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ነገር ተጣልተናል፤ ታርቀናልም። እሑድ እሑድ ከማሽኗ ጎን ተቀምጬ ቁልፍ እተክልላታለሁ። «ይሄ ሁሉ ሰው ጣቢያው ውስጥ ስምሽን ይጠራል፤ እኔ አርባ ዓመት እዚህ መንገድ ላይ ኖሬ ማንም አያውቀኝም» አለችኝ ትናንት። አዘንኩላት። ቤቷ ስም ቢኖረው ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር።

የጌርዲዋን አስታ ታስታውሳታለህ? ገና ድሮ ከልጇ ጋር ልትኖር ቪክ ወደሚባለው ቤት ከገባች ወዲህ የቪኳ አስታ ሆናለች። እዚህም ስፈልጋት በዚያ ስም ነው ያገኘኋት። ደንቡ ደንብ ነው። ያደርክበት ቤት ስምህ ነው። እኔ ባሌ ሲሞት ሻንጣዬን ይዤ ሆልት ስመለስ፣ ማታውኑ የሆልቷ ስቴይኑን ብለው ሲጠሩኝ ያለቀስኩት በደስታ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አንተ ቤቱ ውስጥ እስካደርክ ድረስ እኔም ስሜን ይዤ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ለዚህ ነው አደራ የምልህ።

የሆልቷ ስቴይኑን


ሄይማይ፣ ማርች 29 ቀን 1973

እትዬ ስቴይኑን፣

ይቅርታ፣ ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን በአንድ ላይ ነው የምመልሰው። ሥራ በዝቶብን ነበር። አዎ፣ ሬዲዮው ያለው እውነት ነው፤ ላቫው፣ የቀለጠው ድንጋይ፣ ወደ ከተማው ገብቷል። የባሕር ውሃ በቧንቧ እየረጩበት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ቆሟል፣ በአንዳንድ ቦታ አልቆመም። ወደቡ ግን ተርፏል፤ ደስ ይበልሽ።

ጣሪያው ላይ አመድ ተጠራቅሟል ወይ ላልሽው፣ የለም። የዘር ድንቹ ደህና ነው፤ ሳጥኑን በእጄ አውጥቼ ደረቅ ቦታ አስቀምጬዋለሁ። የአባታችንን ፎቶግራፍና ሬዲዮሽንም አስቀምጫለሁ። የሳሎኑን መጋረጃ አጥበኸዋል ወይ ላልሽው፣ አላጠብኩም።

እንቅልፍ አላጣም። ብዙ ሰው አብረን ነው የምንተኛው፤ ከሰሜን የመጡ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ አካፋ አያያዝ ያስተማርነው። ከእነሱ ጋር እንስቃለን። ትኩሱ አመድ ውስጥ ድስት ቀብረን የአጃ ዳቦ እንጋግራለን፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም።

ለጉድላይግ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ወንድምሽ ቫልገይር


ሬይክያቪክ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1973

ቫልገይር፣

ዛሬ ጠዋት የፋብሪካው ሃልፍዳን ለዕረፍት መጥቶ ጣቢያው በር ላይ አገኘኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለኝ። «የብሬካው ቫልገይርም ሰላም ብሎሻል» አለኝ።

እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሃልፍዳን ምን እንደነገረኝ አላወቀም። እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ሆልት ቆሞ ሳለ ሌላ ቤት አታድርም፤ ይልቁንም ብሬካ! ደብዳቤህንም መልሼ አነበብኩት። ጣሪያ የለም ማለትህ እንጂ አመድ የለም ማለትህ አልነበረም። ስትፈርምም «የሆልቱ» አላልክም። ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ፤ ላለማስተዋል ስለፈለግሁ ነው ያለፍኩት።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት ገብታ «የሆልቷ ስቴይኑን እዚህ አለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። ልታየኝ ትችላለች፤ ሁለት እርምጃ ነው መሃላችን ያለው። ፊቴን አዞርኩ። አለች ልበል? በምን አፌ? ምሳ ልታመጣልኝ የመጣችው ጉድላይግ ናት «ይቻትና! አልታየችሽም እንዴ?» ያለቻት። ከዚያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አልዋሽህም፣ በጣም አለቀስኩ።

መቼ ነው? ማን አብሮህ ነበር? እውነቱን ጻፍልኝ፤ ስለ ሾርባ እንዳትጽፍልኝ።

ስቴይኑን


ሄይማይ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1973

እትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ልነግርሽ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ያ ወንበርሽ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። ወንበሩን ትተሽ ትነሻለሽ ብዬ ፈራሁ።

ማርች ሃያ ሁለት ቀን ነው። እኔና ኦግሙንዱር ነበርን። አዎ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣሪያሽን የጠረገው እሱ ነው። የራሱን ጣሪያ ለተማሪዎቹ ትቶ የኛ ላይ ይወጣ ነበር። «የሷ ቤት ከተደረመሰ ከማን ጋር ልጣላ?» ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ላቫው ከበስተ ኋላ በኩል እንደመጣ ሲያይ መጥረጊያ አመጣና ደረጃውን ጠረገ። «ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «ዝም በል፤ እሷ ቆሻሻ ደረጃ አትወድም» አለኝ። ከዚያ ተመልሰን መንገድ ማዶ ቆምን። ኦግሙንዱር ቆቡን አወለቀ። ከዚህ በላይ ልጽፍልሽ አልችልም፤ አትጠይቂኝ።

ላቫው ሆልትን ወስዶ ግቢውን ወስዶ ቆመ። የቆመው ከብሬካ የማድ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ነው። ማታ ኦግሙንዱር ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ አስገባኝ። አልለመነኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም። ድመትሽ ምድጃው ሥር ነበረች፤ ከኔ በፊት የብሬካ ሆናለች።

በማግስቱ ተማሪዎቹ «የብሬካው ቫልገይር» ብለው ጠሩኝ። እነሱም ሁሉ የብሬካ ናቸው፤ የባንክ ሠራተኛውም ሳይቀር። ስጠራ አቤት ብያለሁ። እሱን ነው አንቺ የማትምሪኝ ብዬ የፈራሁት።

ወንድምሽ


ሬይክያቪክ፣ ጁን 24 ቀን 1973

ውድ ቫልገይር፣

አትጽፊልኝም ወይ ብለህ ሦስት ጊዜ ጽፈሃል። አልተቆጣሁህም። የሚጻፍ ስላጣሁ ነው። አቤት በማለትህም አልፈርድብህም፤ ሰው ተጠርቶ አቤት ካላለ ምን ሊሆን ነው?

ወንበሩን አልተውኩም። ጉድላይግ አላስተወችኝም፤ በማግስቱ ካፖርቴን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነው የጠበቀችኝ። «እነዚያ ሰዎች ማን እንደሆኑ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ተነሺ!» አለችኝ። ተነሳሁ። አሁን የምቀመጠው ለሌሎቹ ነው። ቤታቸው ከላቫው ሥር የገባባቸው ብዙ ናቸው፤ ሲገቡ የቤታቸውን ስም ለመናገር አፋቸው ይያዛል። እኔ ቀድሜ እጠራላቸዋለሁ። «ግቢ የቪኳ!» እላለሁ። ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ። ለራሴ ግን የሚጠራኝ አላገኘሁም፤ ሌሎች ቢጠሩኝም እኔ አላምናቸውም።

የምጽፍልህ ለምክር ነው። እዚህ አዲስ ሕንፃ ላይ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ሊሰጡኝ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሊፍት። እስከ ጁላይ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። እሺ ልላቸው ነው። ጉድላይግ ደስ ብሏታል፤ ሁለት መንገድ ነው የሚያራርቀን።

ናፍቆቱ እንዳይመስልህ የሚያስቸግረኝ። ደሴቱን ትቼ መኖር እችላለሁ። ግን ልመለስ ብልስ ማን ሆኜ ነው የምመለሰው? ኦግሙንዱር ምሥራቅ በኩል ያለውን ክፍል እንደሚሰጠኝ ጽፈህልኛል። እግዜር ይስጠው። ነገር ግን የብሬካዋ ስቴይኑን ከምባል በቁጥር ብጠራ ይሻለኛል። ኩራት አይደለም። እናታችን፣ አባታችን፣ እኔ፣ ሁላችን የወጣነው ከዚያ በር ነው፤ እኔ አፌን ዘግቼ ሌላ ስም ካነሳሁ ያ በር ጨርሶ አልነበረም ማለት ይሆናል።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ስቴይኑን


ሄይማይ፣ ጁላይ 11 ቀን 1973

እትዬ ስቴይኑን፣

ሬዲዮ ላይ ሰምተሽ ይሆናል፤ እሳቱ ቆሟል። ዝምታው ጆሯችንን አሳመመን። ሰዎች ከነልጆቻቸው መምጣት ጀምረዋል፤ ዛሬ መንገዳችን ላይ የልጅ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ አየሁ።

ደብዳቤሽን እራት ላይ እያነበብኩ ሳለ ኦግሙንዱር «ምን አለች?» አለኝ። መደበቅ አልቻልኩበትም፣ ታውቂኛለሽ። ስለ አፓርታማው ነገርኩት። ስለ ስሙም ነገርኩት። ዓሣውን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም። ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ገብቶ እጁን ሲታጠብ «ጻፍላት» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሦስቱ ትልም የሆልት ናቸው ብለህ።»

«ዕድሜህን ሙሉ የብሬካ ናቸው ስትል አልነበር እንዴ?»

«አሁን ደግሞ የሆልት ናቸው አልኩ። አትሰማም?»

«ተሳስተህ ነበር ማለት ነው?»

«ማን ተሳሳትኩ አለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። «የሆልት ናቸው! ላቫው አልነካቸውም። ስለዚህ ሆልት አለ። ጠባብ ነው እንጂ አለ። ይሄንን ለመጻፍ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

የባንክ ሠራተኛው «ቤት ሳይኖር የድንች መሬት ብቻውን ሆልት ይባላል ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ኦግሙንዱር ዞር ብሎ አየውና «አንተ አካፋ ከያዝክ ስንት ወርህ ነው?» አለው። ሌላ የጠየቀ የለም።

ጠዋት ወጥቼ አየሁ። የድሮውን አጥር ከአመዱ ቆፍሮ አውጥቶ ከትልሞቹ ወዲህ፣ ከራሱ ግድግዳ አጠገብ ተክሎታል። በጣም ስላስጠጋው የማድ ቤቱ በር እስከ ግማሽ ነው የሚከፈተው። ተማሪዎቹ በጎናቸው እየወጡ ነው።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ጁን መጀመሪያ ላይ ትልሞቹን ከአመድ አጽድተን የዘር ድንችሽን ተክለንበት ነበር። ዘግይቷል፣ ግን መሬቱ ከታች ሞቃት ስለሆነ ቀድሞ በቅሏል። ኦግሙንዱር በየጠዋቱ ያየዋል። «የሆልት ድንች ሁልጊዜ ውሃ ውሃ ይላል» ይላል። ውሃ የሚያጠጣው ግን እሱ ነው።

እንዳሻሽ አድርጊ። እኔ አልመክርሽም።

ወንድምሽ ቫልገይር


ሬይክያቪክ፣ ጁላይ 20 ቀን 1973

ለሆልቱ ቫልገይር፣

ደብዳቤህን ለጉድላይግ አነበብኩላት። «ይሄ ሰውዬ አብዷል?» አለችኝ። «አላበደም፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ እሷም ለምን እንደምታለቅስ ሳታውቅ አለቀሰች።

ለአፓርታማው ሰዎች እምቢ ብያለሁ። ሦስት ትልም ላይ ቤት አይቆምም ትለኝ ይሆናል። ጠባብ ቤት ይቆማል። ጉድላይግ ሴፕቴምበር ላይ መጋረጃ ሰፍታ ራሷ ይዛ ትመጣለች፤ የድንች አላላጥ ላስተምራት ነው። እስኪሠራ ድረስ የብሬካን ምሥራቅ ክፍል እቀበላለሁ፤ ነገር ግን እንግዳ ሆኜ ነው። የራሱ ቤት ያለው እንግዳ ስሙን አይቀይርም። ይህንን ለተማሪዎቹ ከወዲሁ ንገራቸው።

ለኦግሙንዱር ደግሞ እንዲህ በለው። ትልሞቹ የሆልት መሆናቸውን ድሮም ነግሬው ነበር። አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ ድንቹ ይመልሰውና በሩ ይከፈትለት፤ ያ እርምጃ የብሬካ ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ድንቹን እኔ ሳልደርስ እንዳይነቅል። ውሃ ውሃ ማለት አለማለቱን አብረን ቀቅለን እናያለን።

ደረጃውን ስለጠረገልኝ የምለውን ግን አንተ አትንገረው። እኔ መጥቼ በአፌ ነው የምነግረው።

ዛሬ ጣቢያው ሊዘጋ ሲል አንድ የማላውቀው ሰው ገብቶ «ይቅርታ፣ እርስዎ ከየትኛው ቤት ነዎት?» አለኝ። ሳላስበው ነው አፌ የመለሰለት።

እህትህ፣
የሆልቷ ስቴይኑን